ቢምቢ ቆጣሪው ሐኪም፦ ሮናልድ ሮስ ከዛሪማ ሲታይ

አዘጋጅ ኮሚቴው በሙያ ሕይወታችን ላይ አሻራ ስላሳረፈ ሰው እንድንጽፍ ሲጠይቀን፣ አብዛኞቻችሁ ስለ መምህሮቻችን እንደምትጽፉ ገምቻለሁ። የሚገባቸውም ነው። እኔ ግን ጎንደርን አይቶ ስለማያውቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለሞተ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ልጽፍ ነው። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በፓራሲቶሎጂ ፈተና ወጥቶብናል። ሮናልድ ሮስ፣ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ሰው። ለፈተናው የሸመደድነው ግን የሕይወቱን ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ያወቅኩት በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ ከሁለት ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ እንሥራ እያልን ስንጨቃጨቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዛሪማ ልንገራችሁ። ከደባርቅ ተነስታችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ ጋቢያችሁን ትጥላላችሁ፣ ቀጥሎ ሹራባችሁን፣ ታች ስትደርሱ ደግሞ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ዛሪማ ቆላ ናት። ያደግኩት እዚያ ነው። አባቴ በመንገዱ ዳር ሱቅ ነበረው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሱቃችን አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እየተንቀጠቀጠ መኪና ሲጠብቅ ማየት ለኔ እንደ ወቅቱ አበባ የተለመደ ነገር ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርደው ንዳድ ይዟቸው የሚመለሱት ደገኞች ደግሞ ከሁሉ ይብስባቸው ነበር። ሕክምና እንድማር ያደረገኝ ያ ወንበር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለቆላ ቀበሌዎች በወባ ወቅት ስንት መመርመሪያና ስንት መድኃኒት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ለመገመት አንድ የሒሳብ ሞዴል አሠርቼ ነበር። የተሠራው በዓመታዊ ክፍያ በሚከፈት ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፋይሉን ልከፍት ስል ፈቃዱ አብቅቷል። የሠራው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። ውስጡ ምን እንደተጻፈ እኔም አላውቅ፣ አጠገቤ ያለ ሰውም አያውቅ። ዝም ብዬ ያምናውን ቁጥር ደግሜ ላክሁ። ያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ የወጣበት ዓመት ነበርና በጥቅምት አጋማሽ መመርመሪያ አለቀ። ሰው ተመልሶ ሄደ። ከተመለሱት መካከል አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ወባው ወደ አንጎሏ ወጥቶ መጣች። ተረፈች፤ ግን አሁንም ግራ እጇ ደካማ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። የማላነበውን ነገር አምኜ ተቀምጬ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት እንደገና እንሥራው ስንል ጭቅጭቁ ተነሳ። አንደኛው ባልደረባዬ በአር ይሠራ አለ፤ ሌላው በፓይተን። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አላውቅም። ዳኛ ሆኜ እንድፈርድ ሲጠይቁኝ ወደ ኋላ ሄጄ ይህን ዓይነት ሒሳብ መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ሮስን ነው።

ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1857 በሰሜን ሕንድ በአልሞራ ተወለደ። አባቱ በሕንድ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ጄኔራል ሲሆን፣ እሱ ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው ነበር። በስምንት ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ። ልጁ የሚፈልገው ሥዕል፣ ግጥምና ሙዚቃ ነበር፤ አባት ግን ሐኪም ትሆናለህ ብለው ቁርጥ አደረጉ። በለንደን ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሲማር ከመጻሕፍቱ ይልቅ ግጥሙንና ዜማውን ያሳድድ ነበር። በ1879 የቀዶ ሐኪሞቹን ፈተና አለፈ፣ የመድኃኒት ቀማሚዎቹን ግን ወደቀ። አባትየው ገንዘብ እንዳያቋርጡበት ስለሰጋ በመርከብ ሐኪምነት አትላንቲክን ሲመላለስ ቆየ፤ ኋላ ፈተናውን ደግሞ አልፎ በ1881 በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጠረ። እኛም መካከል ቤተሰብ ፈርዶብን የገባን፣ አንድ ፈተና ደግመን ያለፍን አለን አይደል? ስም አልጠራም።

ማድራስ ሲመደብ ሥራው ቀላል፣ ጊዜው ብዙ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሒሳብ የያዘው። መምህር የለውም፤ መጽሐፍ እየገዛ ብቻውን ከአልጀብራ ተነስቶ እስከ ካልኩለስ ዘለቀ። ለምን እንደሚጠቅመው አያውቅም ነበር፤ ወደደው፣ ያዘው። በዚያው ዘመን ባንጋሎር ሳለ በመኖሪያው ትንኝ በዛበት። ከመስኮቱ አጠገብ ያለ የውኃ በርሜል ውስጥ እጮቹን አየና ደፋው፤ ትንኙ ቀነሰ። ትንኝን ማጥፋት ካልተቻለ መቀነስ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ በርሜል ጋር አብሮት ኖረ።

በ1894 ለዕረፍት ለንደን ሲመጣ ፓትሪክ ማንሰንን አገኘ። ማንሰን የዝሆኔ በሽታን ትል በትንኝ ውስጥ ያገኘ ሰው ነው፤ ወባም በትንኝ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥር ነበር። ሮስ በ1895 ወደ ሕንድ ተመልሶ ሲከንደራባድ ላይ ሥራውን ጀመረ። ከሁለት ዓመት በላይ ትንኝ እየሰነጠቀ ምንም አላገኘም። ሙቀቱ የሚያነድ ነበር፤ ማራገቢያ እንዳያስከፍት ትንኞቹን ይበትንበታል። ላቡ እየተንጠባጠበ የማይክሮስኮፑን ብሎኖች አዛገ፣ መነጽሩም ተሰነጠቀ። ሁሴን ካን የሚባል የወባ ሕመምተኛ በአንዲት ትንኝ አንድ አና እየተከፈለው ለመነከስ ተስማማ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897 ሮስ ከነዚያ ትንኞች በአንዷ የጨጓራ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ክብ ሕዋሳት አየ። የወባው ተሕዋስ ነበር። ዛሬ ያ ቀን የዓለም የትንኝ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ወዲያው አለቆቹ ወባ እምብዛም ወደሌለበት ወደ ኸርዋራ አዛወሩት። ዝውውር ያልደረሰበት የመንግሥት ሐኪም የለም መቼም! በ1898 ካልካታ ሲመደብ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የወረርሽኝ ክትባት ፈርቶ ከሐኪም ይሸሽ ስለነበር በሰው ፈንታ በወፎች ወባ ሠራ። ማሐመድ ቡክስ የሚባል ረዳት አብሮት ነበር። በሐምሌ ተሕዋሱን በትንኟ የምራቅ ዕጢ ውስጥ አገኘው። መንገዱ ተዘጋ፦ ከሕመምተኛ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ጨጓራ ወደ ምራቅ፣ ከምራቅ ወደ ጤነኛ። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ መሆኗን አሳዩ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ለሮስ ተሰጠ።

እኛ ለፈተና ያጠናነው እዚህ ላይ ያበቃል። ለኔ ግን ሰውየው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሮስ ትንኝ ቀንሱ እያለ አገር ለአገር ዞረ፤ ብዙ ሰው ግን አላመነውም። በሕንድ ሚያን ሚር በሚባል የጦር ሰፈር ውኃ መውረጃዎቹን አጽድተው ወባው አልቀነሰም ተባለ፤ የሮስ ሐሳብ ከንቱ ነው ተብሎም ተወራ። ሮስ ተናደደ፤ ንዴቱን ግን ወደ ጥያቄ ለወጠው። ቦታው ምን ያህል ሰፊ ቢሆን ነው ከውጭ የሚበርሩት ትንኞች የጸዳውን መሐል የማይደርሱት? በ1904 ይህን በሒሳብ አቀረበው። የትንኝ በረራ አቅጣጫ የለሽ ስለሆነ ከተፈለፈለችበት ብዙም እንደማትርቅ አሳየ። ሒሳቡ በሁለት አቅጣጫ ሲሆን ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ስታቲስቲክስ አዋቂውን ካርል ፒርሰንን ጠየቀ። ፒርሰን በ1905 ጥያቄውን ለሳይንስ ሰዎች ሁሉ አቀረበው፤ ዛሬ ከፊዚክስ እስከ አክሲዮን ገበያ የሚሠራበት የዘፈቀደ ጉዞ የተባለው ስያሜ የወጣው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሞሪሺየስ ሄደ፤ ዘገባውን በ1908 አወጣ። በ1911 ደግሞ ስለ ወባ መከላከል በጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ላይ ሁለት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኖች ጨመረ፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለትንኝ። ሰው በስንት ፍጥነት ይታመማል፣ ይድናል፤ ትንኝ በስንት ፍጥነት ትበከላለች፣ ትሞታለች። ያ ብቻ ነው። ከሁለቱ የወጣው ውጤት ግን ትልቅ ነበር፦ ወባን ለማጥፋት ትንኝን ሁሉ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ከአንድ ልክ በታች ማውረድ ይበቃል።

በኛ አገር ምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ ሕመምተኛ ለ20 ቀን ተላላፊ ሆኖ በየሌሊቱ 5 አኖፌለስ ቢነክሱት 100 ትንኞች ደሙን ቀምሰዋል። ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ እስኪበስል 10 ቀን ይፈጃል እንበል። በየቀኑ ከ100 ትንኝ 90ው ለነገ የሚተርፍ ከሆነ፣ ከ10 ቀን በኋላ 35 ያህል ይቀራሉ። እያንዳንዷ በቀሪ ዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ያህል ብትነክስ 105 ንክሻ ነው። ከአሥር ንክሻ አንዱ ቢያሲዝ ከአንዱ ሕመምተኛ 10 አዲስ ሕመምተኞች ወጡ። አሁን የትንኙን ቁጥር ከአሥር አንድ እጅ በታች አውርዱት፤ አንዱ ሕመምተኛ አንድ እንኳ ሳይተካ ይድናል፣ በሽታውም ቀስ በቀስ ይከስማል። የሮስ ልክ ማለት ይህ ነው።

ሮስ ከዚህም በላይ ሊሄድ ፈለገ። ለወባ ብቻ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ለሚዛመት ነገር ሁሉ የሚሆን ሒሳብ ማበጀት ጀመረና ዘርፉን የበሽታ ልኬት በሚል ስም ጠራው። በ1916 የመጀመሪያውን ክፍል ብቻውን አወጣ። የቀረው ከበደው። ያን ጊዜ ሒልዳ ሐድሰን የምትባል የሒሳብ ሊቅ አብራው ሠራች፤ የ1917ቱ ሁለት ክፍሎች የሁለቱንም ስም ይዘው ወጡ። በ1901 አብሮት ሴራሊዮን የሄደው አንደርሰን ማኬንድሪክም የሮስን መንገድ ተከትሎ በ1927 ከከርማክ ጋር የጻፈው ሥራ፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስንሰማው የከረምነው የወረርሽኝ ሞዴል አባት ነው።

ሮስን ቅዱስ አላደርገውም። ክብሬ ተነካ እያለ ከግራሲ ጋር ዕድሜ ልኩን ተጣላ። መንገዱን ያሳየውን ማንሰንን እንኳ በ1912 በስም ማጥፋት ከሰሰው። ስለ ክፍያና ስለ ጡረታ ማጉረምረም አልተወም። ልጁን ካምቤልን በ1914 በጦርነት አጣ። በ1926 በለንደን በስሙ የምርምር ተቋምና ሆስፒታል ተከፈተለት፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1932 እዚያው ሞተ። ሒሳቤ ከትንኟ ግኝት ይበልጣል ብሎ ያስብ እንደነበር የጻፋቸው ያሳያሉ፤ በሕይወት ሳለ ግን ሒሳቡን ከቁም ነገር የቆጠረለት ጥቂት ነበር።

ሒሳቡን ከሳጥን ያወጣው ጆርጅ ማክዶናልድ ነው፣ በ1950ዎቹ። እሱ የጨመረው የትንኟን ዕድሜ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 90ውን ወደ 80 ብታወርዱት ከ100 ትንኝ ለ10 ቀን የሚተርፉት 11 ብቻ ናቸው፤ ወደ 70 ብታወርዱት 3 ብቻ። ያን ጊዜ ከአንድ ሕመምተኛ አንድ ተተኪ እንኳ አይወጣም። ግድግዳ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ለምን ያን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ይህ ነው፤ ትንኟን ከመቀነሱ በላይ ዕድሜዋን ያሳጥራል። የማክዶናልድ መጽሐፍ የወጣው በ1957 ነው። በዚያው ዓመት የሒሳብ ቀመርን ወደ ኮምፒውተር የሚወስደው ፎርትራን የተባለ ቋንቋ ከአይቢኤም ወጣ።

ያ ዘመን ለኛ ሩቅ አይደለም። በ1953 በደምቢያ ሜዳ በተነሳ ወባ ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ተመዝግቧል። በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ኮሌጅ ብለን ገብተንበት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የወጣንበት ቤታችን። በ1958 ደግሞ ወረርሽኙ አገሪቱን አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ ተገመተ፤ በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። እኛ የዚያ ቤት ልጆች ነን።

ወደ ጭቅጭቃችን ልመለስ። የሮስን ሕይወት አንብቤ ስጨርስ ለሁለቱ ልጆች ፍርዴን ሰጠሁ፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ። እያንዳንዱ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ፣ በቀን ይሁን በሳምንት፣ በሰው ይሁን በሺህ ሰው፣ በአማርኛ ተጻፈ። ከዚያ የሮስን ሁለት ኢኩዌሽን በእጃችን፣ በካልኩሌተር ለጥቂት ቀናት አስላናቸው። ሦስት ቀን ፈጀብን። ሳቁብኝ፤ ቢስቁም ሠሩ። ቀጥሎ አንደኛው በአር፣ ሌላው በፓይተን ለየብቻ ጻፉት። በሁለቱም ከሃያ መስመር አይበልጥም ነበር። እኔም አር ተምሬ በራሴ እጅ ጻፍኩት።

የልጆቹ ሁለቱ ተመሳሳይ ቁጥር ሰጡ። የኔ ግን ወረርሽኝ አለ፣ የአምናውን ብዙ እጥፍ አዝዙ አለኝ። ልቤ ቆመ። መጀመሪያ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት ብዬ ተሟገትኩ፤ ዶክተር ነኝና! ወረቀቱን ስናይ ግን ነገሩ ታየ። የታማሚ መዝገባችን የሚመጣው በየሳምንቱ ነው፤ የትንኟን የሞት መጠን ግን የጻፍኩት በቀን ሆኖ ሳለ እንደ ሳምንት አስገብቼዋለሁ። በኔ ሞዴል የዛሪማ ቢምቢ ሰባት እጥፍ ዕድሜ ትኖር ነበር። ያንን ልኬው ቢሆን፣ ለኛ የተትረፈረፈው ከሌላ ቆላ ቀበሌ የተነሳ በሆነ ነበር፤ ሌላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሌላ ሕፃን ትቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ የመረጥነው አርን ነው። ከፓይተን ስለሚበልጥ አይደለም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ። ቋንቋው ፈጣን ነው ወይ፣ ዘመናዊ ነው ወይ የሚለውን ትተን ሦስት ጥያቄ ጠየቅን። እኔ ነገ ብዛወር ወይም ብሞት አጠገቤ ካሉት ማን ያነበዋል? ያለ ገንዘብና ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል? ወረቀቱ ላይ ያለውንና ኮዱ ውስጥ ያለውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል? በኛ አካባቢ የስታቲስቲክስና የሕዝብ ጤና ልጆች የሚያውቁት አርን ስለሆነ ወደዚያ አደላን። የፓይተኑን ግን አልጣልነውም፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ምንም አይልክም። ይህች ልማድ የመጣችው ከሮስና ከሐድሰን ነው፤ ብቻውን የጀመረውን ሌላ ሰው እንዲያይለት የፈቀደ ሰው ነበርና።

ዘንድሮ መስከረም ዛሪማ ወርጄ ነበር። የአባቴ ሱቅ አሁን የሌላ ሰው ነው፣ ወንበሩ ግን አለ። መመርመሪያው እስከ ኅዳር መጨረሻ በቃን፤ ጥቂትም ተረፈ። ግራ እጇ የደከመውን ልጅ እናቷ ይዛት መጣች፤ አድጋለች፣ በቀኝ እጇ ትጽፋለች። ሳያት ሁልጊዜ ያን ያልተከፈተ ፋይል አስታውሳለሁ።

እናንተም በየሄዳችሁበት የማታነቡት ነገር ላይ ተደግፋችሁ የምትሠሩት ሥራ ካለ፣ በዓሉ ላይ ስንገናኝ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። ልጆቹን ይዣቸው እመጣለሁ፤ ቡና እየተፈላ እናየዋለን። በሰላም ያገናኘን።